ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅት ስንት የቦርድ አባል ይበቃዋል?

አንድ ድርጅት አድጎ ከመሥራቹ የግል ክትትል በላይ መሆን ሲጀምር፣ ቦርድ ማቋቋም ወይም በወረቀት ላይ ብቻ የነበረውን ቦርድ በእውነት ሥራ ማስጀመር ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የአባላቱ ቁጥር ነው፤ ሦስት ይሁኑ፣ አምስት ወይስ ዘጠኝ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ ድርጅቱ ከቦርዱ ምን ሥራ እንደሚጠብቅ፣ አክሲዮኑ በማን እጅ እንዳለና ሥራ አስኪያጁ ከባለቤቶቹ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ሳይታወቅ መልስ አይሰጠውም። የዚህ ጸሐፊ አቋም ከወዲሁ ይገለጽ፦ ለአብዛኞቹ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ከሦስት እስከ አምስት አባላት ያሉት፣ ከአባላቱም ቢያንስ አንዱ ከባለቤቶቹም ሆነ ከሥራ አስኪያጁ ተጽዕኖ ነፃ የሆነበት ቦርድ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጨመር ወንበር ሁሉ፣ የሚቀመጥበት ሰው የሚሠራው ሥራ አስቀድሞ ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል።

አነስተኛና መካከለኛ የሚባለው ድርጅት መለኪያው ከአገር አገር ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ትርጓሜ መሠረት ከ250 በታች ሠራተኞች ያሉትና ዓመታዊ ሽያጩ ከ50 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ጠቅላላ ሀብቱ ከ43 ሚሊዮን ዩሮ ያልበለጠ ድርጅት በዚህ ክፍል ይመደባል፤ በሌሎች አገሮች ጣሪያው ከዚህ እጅግ ዝቅ ሊል ይችላል። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሠራተኛና ከገንዘብ መጠን ይበልጥ የሚያስፈልገው ሌላ መለያ ነው፤ ይኸውም በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ ባለቤቱ፣ አስተዳዳሪውና የቦርድ ሰብሳቢው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

ስለ ኩባንያ አስተዳደር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የተነሣው ከዚህ ተቃራኒ ከሆነ ችግር ነው። አዶልፍ በርሊና ጋርዲነር ሚንስ የተባሉት አሜሪካውያን ምሁራን በ1932 እንዳመለከቱት፣ በትልልቅ ኩባንያዎች ባለቤትነቱ በብዙ ሺህ ባለአክሲዮኖች መካከል ተበትኖ፣ የማዘዝ ሥልጣኑ የራሳቸው ድርሻ እምብዛም በሆነ ሥራ አስኪያጆች እጅ ገብቶ ነበር። በዚህ ሁኔታ የቦርዱ ዋና ተግባር በሩቅ ባሉት ባለቤቶች ስም ሥራ አስኪያጁን መቆጣጠር ነው። ባለቤቱ ራሱ ሥራ አስኪያጅ በሆነበት ድርጅት ግን ይህ ጭንቀት በዚያ መልኩ የለም፤ ሰው የራሱን ገንዘብ እንዳያባክን የሚጠብቅ ዘበኛ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ በቦታው ሌሎች አደጋዎች ይመጣሉ። አነስተኛ ድርሻ ያላቸው ባለአክሲዮኖች ትርፍ ሳይከፈላቸው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ የቤተሰቡ ወጪና የድርጅቱ ወጪ ሊቀላቀል ይችላል፤ መሥራቹ በታመመ ወይም በሞተ ማግስት ባንክ ሒሳብ ላይ የሚፈርም ሰው ሊታጣ ይችላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ለባለቤቱ ስሕተቱን የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ነው፤ ሠራተኞቹ እንጀራቸውን ይፈራሉ፣ ቤተሰቡ ሰላሙን ይፈልጋል፣ የውጭ የሒሳብ ባለሙያው ደንበኛውን ማጣት አይሻም። እንግዲህ የአነስተኛ ድርጅት ቦርድ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ባለቤቱ በጎደለው ዕውቀት ይመክረዋል፣ ከመወሰኑ በፊት ቆም ብሎ እንዲያስብ ያስገድደዋል፣ ከእርሱ በኋላ ስለሚመጣውም ጊዜ አስቀድሞ ያስባል።

ሕግ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ወለል ብቻ ነው። የዩናይትድ ኪንግደም የ2006 የኩባንያዎች ሕግ ለግል ኩባንያ አንድ ዳይሬክተር፣ ማለትም አንድ የቦርድ አባል፣ ይበቃል ሲል፣ አክሲዮኑን ለሕዝብ ለሚሸጥ ኩባንያ ሁለት ይጠይቃል። የሕንድ የ2013 ሕግ ለግል ኩባንያ ሁለት፣ ለሕዝብ ኩባንያ ሦስት ዝቅተኛ ቁጥር አስቀምጦ፣ ከ15 በላይ ለመሾም ግን የባለአክሲዮኖች ልዩ ውሳኔ ያስፈልጋል ይላል። በጀርመን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ኩባንያ የሠራተኞቹ ቁጥር ከ500 እስካልበለጠ ድረስ በአብዛኛው ተቆጣጣሪ ቦርድ እንዲያቋቁም አይገደድም። ሕጎቹ ከሞላ ጎደል የሚስማሙበት ነገር ቢኖር፣ ትንሹን ድርጅት በራሱ ፈቃድ ላይ መተዋቸው ነው። ስለዚህ የመተዳደሪያ ደንቡን የሚያረቅ ሰው በሕጉ የተፈቀደውን ከማወቅ አልፎ የሚበጀውን ራሱ መምረጥ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ቦርድ ሲሰፋ ዕውቀት፣ ትውውቅና የአስተያየት ብዛት ይጨምራል፤ ይህ የማይካድ ጥቅም ነው። ዋጋውም አብሮ ይጨምራል፣ የሚጨምረውም ከአባላቱ ቁጥር በላቀ ፍጥነት ነው። ሦስት ሰዎች እርስ በርስ የሚኖራቸው የሁለት ለሁለት ግንኙነት ሦስት ብቻ ሲሆን፣ አምስት ሰዎች 10፣ ሰባት ሰዎች 21፣ ዘጠኝ ሰዎች ደግሞ 36 ግንኙነት ይኖራቸዋል። እያንዳንዱ ግንኙነት መተማመን የሚገነባበት ወይም ቅያሜ የሚበቅልበት፣ ከስብሰባ ውጭ የጎን ስምምነት የሚደረግበት መንገድ ነው። የስብሰባውን ሰዓት ብናሰላም እንዲሁ ነው፤ በሁለት ሰዓት ስብሰባ አምስት አባላት እኩል ቢናገሩ ለእያንዳንዱ 24 ደቂቃ ይደርሰዋል፣ አሥር ቢሆኑ 12 ደቂቃ ብቻ፤ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት የሚያቀርብበት ጊዜ ሲቀነስ የሚቀረው ከዚህም ያነሰ ነው።

ሌላው ዋጋ የኃላፊነት መሳሳት ነው። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ በኅብረት የሚሠሩ ሰዎች ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ሰው አስተዋጽኦ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ስምንት ሲሆኑ እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ለብቻው ሲሆን ከሚያወጣው ወደ ግማሽ እንደሚወርድ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት መቀናጀት አለመቻል ነው፤ ሌላው ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይሠራዋል ብሎ ማሰቡ ነው። በቦርድ ውስጥ ይህ የሚታየው ሒሳቡን ያላነበበ አባል የሌላውን ማንበብ ተማምኖ እጁን ሲያወጣ ነው። በሦስት ሰው ቦርድ ውስጥ ያላነበበ ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ በአሥራ አንድ ሰው ቦርድ ውስጥ ግን ለዓመታት ተሸሽጎ ሊኖር ይችላል።

ጠበቃው ማርቲን ሊፕተንና ምሁሩ ጄይ ሎርሽ በ1992 ቦርድ ከአሥር ባይበልጥ፣ ይልቁንም ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢሆን ይመረጣል ሲሉ ጽፈዋል። በዓመቱ ማይክል ጄንሰን ከሰባትና ከስምንት ያለፈ ቦርድ በደንብ የመሥራት ዕድሉ እንደሚቀንስና ለዋና ሥራ አስፈፃሚው መጠቀሚያ ለመሆን እንደሚቀል ተከራከረ። ዴቪድ የርማክ ደግሞ በ1996 ባሳተመው ጥናት ከ1984 እስከ 1991 ባለው ጊዜ 452 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መርምሮ፣ ቦርዱ ሰፊ በሆነ ቁጥር ገበያው ለኩባንያው የሚሰጠው ዋጋ ዝቅ እንደሚል አገኘ። እነዚህ ሁሉ ግን የተናገሩት ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ነው፤ ስምንት ሰው ለአንድ ግዙፍ ኩባንያ ትንሽ ቦርድ ይባላል፣ 40 ሠራተኛ ላለው ድርጅት ግን ከሠራተኛው አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

ለእኛ የሚቀርቡት ሁለት የሰሜን አውሮፓ ጥናቶች ናቸው። በ1998 ቴዎዶር አይዘንበርግና ባልደረቦቹ በፊንላንድ የሚገኙ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን አጥንተው፣ በቦርድ መስፋትና በትርፋማነት መካከል ተቃራኒ ዝምድና መኖሩን አሳዩ፤ በዚህም የቦርድ መስፋት ጉዳይ የትልልቆቹ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። ይሁንና ዝምድና መኖሩ ምክንያትን አያረጋግጥም። ምናልባት የከሰረ ድርጅት ነው መላ ፍለጋ የቦርድ አባል የሚጨምረው፤ እንዲህ ከሆነ ሰፊው ቦርድ የኪሳራው ውጤት እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ይህን ልዩነት መረዳት ለአንባቢ በጣም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስለ ቦርድ የሚሰጡ ብዙ ምክሮች ሁለቱን ያምታታሉ።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ሞርተን ቤነድሰንና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ጥናት የተጠቀሙበት መንገድ ብልሃት የተሞላበት ነው። ወደ 7,000 የሚጠጉ፣ አክሲዮናቸው በጥቂት ሰዎች እጅ ያለ የዴንማርክ ድርጅቶችን ወስደው፣ የዋና ሥራ አስፈፃሚውን ልጆች ቁጥር ከቦርዱ መጠን ጋር አስተያዩ። ልጅ የበዛለት ሰው ቦርዱም እንደሚሰፋ፣ ይህም የሚሆነው ዘመዶች በቦርዱ በሚቀመጡባቸው ድርጅቶች እንደሆነ አገኙ። የልጆች ቁጥር ድርጅቱ በማትረፉ ወይም በመክሰሩ የሚወሰን ነገር ስላልሆነ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ የሰፋውን ቦርድ ለይተው ውጤቱን መመዘን ቻሉ። የደረሱበትም ድምዳሜ መጠነኛ ነው፦ ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን፣ የሚመጣውም ስድስትና ከዚያ በላይ አባላት ካሏቸው ጥቂት ድርጅቶች ነው።

ይህ ግኝት ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ አንድ ድርጅት ቦርዱን ከአምስት ወደ ሦስት በማውረዱ ብቻ ተአምር መጠበቅ የለበትም፤ በዚያ ክልል ውስጥ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይለውጥም። ሁለተኛው ደግሞ ወንበሮች እንዴት እንደሚሞሉ የሚያሳየው ነው። በአነስተኛ ድርጅት ወንበር የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ሥራ ስለተገኘ ሳይሆን ሰው ስለተገኘ ነው። ልጁ አደገ፣ ወንድም ገንዘብ አበደረ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ ጡረታ ወጣ፣ ትልቅ ደንበኛ ተከበረ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ወንበር ይሰጣል። የተሰጠውን ወንበር መንሣት ደግሞ ቂም ያመጣል፣ ስለዚህ ቦርዱ ወደ ላይ ብቻ ያድጋል።

የተሻለው ቅደም ተከተል ከሥራው መነሣት ነው። መሥራቹ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ድርጅቱ የሚገጥሙትን ከባድ ውሳኔዎች ይጽፋል፤ ለምሳሌ አዲስ ማሽን በብድር መግዛት፣ ወደ ውጭ ገበያ መግባት፣ አንድ ዘርፍ መዝጋት፣ ተተኪ ማዘጋጀት። ቀጥሎ ለእነዚህ ውሳኔዎች የሚያስፈልገውን ዕውቀት በቤቱ ካለው ጋር ያስተያያል። የጎደለው የፋይናንስ ዕውቀትና የገበያው ልምድ ከሆነ፣ የሚፈለጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። እነርሱ ከመሥራቹና ከሌላው ባለድርሻ ጋር ሲደመሩ አራት ይሆናሉ፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ዕውቀት ይዞ ከተገኘ ሦስት ይበቃል። የአማካሪ ጠበቃን ዕውቀት ግን በክፍያ ማግኘት ስለሚቻል፣ ለእርሱ ቋሚ ወንበር ማዘጋጀት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ዘመዶችና አበዳሪዎች ሊናቁ አይገባም፤ ነገር ግን ለእነርሱ የሚስማማ ሌላ ቦታ አለ። የቤተሰብ ጉዳይ፣ ማለትም ማን ይቀጠር፣ ትርፍ እንዴት ይከፈል፣ አክሲዮን ለማን ይተላለፍ የሚለው፣ በቤተሰብ ጉባኤ ተመክሮበት የቤተሰቡ ድምፅ በአንድ ተወካይ በኩል ለቦርዱ ሊደርስ ይችላል። አበዳሪው መረጃ ከፈለገ በውል መሠረት በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይላክለታል፣ ወይም ድምፅ በማይሰጥ ታዛቢነት ይገኛል። ሙያዊ ምክር ብቻ የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ በአማካሪ ቦርድ ሊሰበሰቡ ይችላሉ። አማካሪ ቦርድ አይወስንም፣ በሕግም እንደ ዳይሬክተር ተጠያቂ አይሆንም፤ ሆኖም በአንዳንድ አገሮች ሕግ፣ ከጀርባ ሆኖ ዳይሬክተሮቹን በትእዛዙ የሚያስኬድ ሰው እንደ ዳይሬክተር ሊቆጠር ስለሚችል ድንበሩ በጽሑፍ ቢሰፍር ይመረጣል።

ከመስፋት ብቻ ሳይሆን ከማነስም መጠንቀቅ ይገባል። ሁለት አባላት ያሉት ቦርድ አባላቱ በሐሳብ በተለያዩ ቁጥር ሥራው ይቆማል፤ እኩል ድርሻ ያላቸው ሁለት ሸሪኮች ተጣልተው ድርጅቱ ደመወዝ መክፈል እስኪያቅተው ድረስ ውሳኔ ሊታጣ ይችላል። ሦስት ሲሆኑ ይህ ይቀላል፣ ነገር ግን አንዱ ታሞ ሌላው በጉዳዩ የጥቅም ግጭት ካለበት ብቻውን የሚቀረው ሰው ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። የጥቅም ግጭት በአነስተኛ ድርጅት ብርቅ ነገር አይደለም፤ ድርጅቱ የሚከራየው መጋዘን የአንዱ የቦርድ አባል ንብረት ሊሆን ይችላል፣ የኪራዩ ዋጋ ሲወሰንም ያ ሰው ከክፍሉ ሊወጣ ይገባል። አምስት አባላት ሲኖሩ አንዱ ቀርቶ ሌላው ቢወጣ እንኳ ሦስት ሰዎች ተወያይተው መወሰን ይችላሉ። አምስትን ተመራጭ የሚያደርገው ከጎደሎ ቁጥርነቱ ይልቅ ይህ ነው። የድምፅ እኩልነትን ለሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ በመስጠት መፍታት ይቻላልና፣ አራት አባላት ያሉት ቦርድም ለቁጥር ሲባል ብቻ አምስተኛ ሰው ማሰስ የለበትም።

ስለ ገለልተኛው አባል ትንሽ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ መሥራቾች የሚፈሩት እርሱን ነውና። ፍርሃታቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ የውጭ ሰው የድርጅቱን ምሥጢር ያውቃል፣ በሠራተኞች ፊት የመሥራቹን ሥልጣን ያሳንሳል ብለው ይሠጋሉ። ነገር ግን ይህ አባል ቢመክርም የመጨረሻው ሥልጣን አክሲዮኑ በእጁ ባለው ሰው ዘንድ ይቀራል፤ በአብዛኞቹ ሕጎች ባለአክሲዮኖች በጠቅላላ ጉባኤ ዳይሬክተርን ሊሽሩ ይችላሉ። መሥራቹ የሚያጣው ሳይጠየቅ የመወሰን ልማዱን ነው። የሚያገኘው ደግሞ አክሲዮን የሌለው፣ ለኑሮው የድርጅቱን ደመወዝ የማይጠብቅ፣ በቤተሰቡ ጠብ የማይወግን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የመሥራቹ የልብ ወዳጅ ባይሆን ይመረጣል፤ ወዳጅነት የቦርድ ወንበር ሳያስፈልገውም ይገኛል። የሥራ ዘመኑ በግልጽ ቢወሰን፣ ለሚሰጠው ጊዜ ተመጣጣኝ ክፍያ ቢከፈለው፣ የሒሳብ መዝገቡንም ያለ ልመና ማየት ቢችል ሥራውን በእርግጥ ሊሠራ ይችላል። አንድ ገለልተኛ አባል ብቻውን ሲሆን በቀላሉ እንግዳ ሆኖ ስለሚቀር፣ አቅም ለሚፈቅድለት ድርጅት ሁለት መሆናቸው ይሻላል።

በዩናይትድ ኪንግደም በ1992 የወጣው የካድበሪ ኮሚቴ ሪፖርት በኩባንያ አናት ላይ ያለው ኃላፊነት እንዲከፋፈልና አንድ ሰው ብቻውን ያልተገደበ የመወሰን ሥልጣን እንዳይኖረው አሳስቦ ነበር። ሪፖርቱ የተጻፈው በገበያ ለሚሸጡ ኩባንያዎች ቢሆንም፣ ከያዛቸው ሐሳቦች ሁሉ ለአነስተኛ ድርጅት የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሰብሳቢ ሲሆን አጀንዳውን እርሱ ይቀርፃል፣ ሪፖርቱን እርሱ ያቀርባል፣ ጥያቄው ሲበዛም ስብሰባውን እርሱ ይዘጋል። ከገለልተኞቹ አንዱ ሰብሳቢ ቢሆን አንድም ወንበር ሳይጨመር የቦርዱ ጠባይ ይለወጣል። መሥራቹ ሰብሳቢነቱን ለመልቀቅ ካልፈቀደ ደግሞ ቢያንስ አጀንዳውን ከአንድ ገለልተኛ አባል ጋር አብሮ እንዲያዘጋጅ በደንቡ ሊጻፍ ይችላል።

አሠራሩን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በዓመት ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ መሰብሰብ ለአብዛኞቹ ይበቃል፤ ሰነዶች ከስብሰባው አንድ ሳምንት ቀድመው ይደርሳሉ፤ በእያንዳንዱ ስብሰባ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ትንበያ ይታያል፤ ቃለ ጉባኤ ውሳኔውን፣ ፈጻሚውንና ቀኑን ይይዛል። ኮሚቴ ማቋቋም አምስት አባላት ላሉት ቦርድ ትርፍ ሥራ ነው፣ የኦዲት ጉዳይንም ሙሉው ቦርድ ማየት ይችላል። የማይዘለለው ነገር ለቦርዱ ብቻ የተጠበቁ ውሳኔዎች ዝርዝር ነው፦ ከስንት ገንዘብ በላይ ያለ ብድር፣ ከቦርድ አባል ወይም ከዘመዱ ጋር የሚደረግ ውል፣ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝና የድርጅቱ ዋና ንብረት ሽያጭ ያለ ቦርዱ ፈቃድ እንዳይፈጸሙ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ይህ ዝርዝር የሌለው ቦርድ አባላቱ የቱንም ያህል የተማሩ ቢሆኑ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚሰማ አድማጭ ሆኖ ይቀራል።

ድርጅቱ ሲያድግ ቦርዱም ሊያድግ ይችላል። ጄፍሪ ኮልስና ባልደረቦቹ በ2008 እንዳሳዩት ሥራቸው ለተወሳሰበ ኩባንያዎች ሰፊ ቦርድ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ የለም። የአውሮፓ የዳይሬክተሮች ማኅበራት ኅብረት በ2010 በገበያ ለማይሸጡ ኩባንያዎች ያወጣቸው 14 መርሆዎችም በሁለት ደረጃ የተከፈሉ ናቸው፤ ዘጠኙ መጠናቸው ምንም ይሁን ምን ለሁሉም የሚሠሩ ሲሆኑ፣ አምስቱ ግን ትልቅና ውስብስብ ለሆኑት የተተዉ ናቸው። ይህ አከፋፈል ትንሹ ድርጅት የትልቁን ልብስ በአንድ ጊዜ እንዲለብስ አያስገድድም።

ቀድሞ የሰፋ ቦርድ ያለው ድርጅት ግን ከየት ይጀምር? ሰው ማባረር አያስፈልግም። በመተዳደሪያ ደንቡ የሦስት ዓመት የሥራ ዘመንና የመታደስ ገደብ ይገባል፤ የአባላቱ ዘመን በየዓመቱ በከፊል እንዲያበቃ ይደረጋል፤ ወንበር ባዶ ሲሆንም ወዲያው እንዳይሞላ፣ ይልቁንም ቦርዱ አስቀድሞ ያ ወንበር ያስፈልግ እንደሆነና የሚሠራውን ሥራ በቃለ ጉባኤ እንዲወስን ይደነገጋል። በዚህ መንገድ ዘጠኝ የነበሩ አባላት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አምስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚሰናበቱትም በግል ተለይተው ሳይሆን ለሁሉም በእኩል በሚሠራ ደንብ ስለሚሄዱ፣ ክብራቸውና ከድርጅቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት አይጎዳም።